መብራት ሲመለስ ስሙ የሚጠፋው ሰርቨር፦ 8.8.8.8 ለምን አያድንም

የቀረበው ጥያቄ፦

«ከቱሉ ዲምቱ ወጣ ብሎ ያለ መጋዘንና ቢሮ ውስጥ ሂሳብ ክፍል ነው ምሰራው፣ ግን ኮምፒውተር ትችላለች ተብሎ የአይቲውም ስራ እኔ ላይ ወድቋል። 38 ኮምፒውተርና አንድ ዊንዶውስ ሰርቨር አለን፣ ሁሉም ሰርቨሩ ሚያስተዳድረው ዶሜይን ውስጥ ናቸው፣ የሂሳብ ፕሮግራማችን ፒችትሪም ያለው ሰርቨሩ ላይ ነው። ችግሩ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ነው። አንዳንዱ ኮምፒውተር ፒችትሪ ሲከፈት ሰርቨሩን አላገኘሁትም ይላል፣ ሌላው ደግሞ ዌብሳይት አይከፍትም፣ ቴሌግራም ግን ይሰራል። ዛሬ የታመመው ነገ ደህና ይሆንና ሌላው ይታመማል። ራውተሩን አጥፍቼ ሳበራው አንዳንዴ ይስተካከላል። አንድ ልጅ 8.8.8.8 አስገቢ ብሎኝ 15 ኮምፒውተር ላይ ሁለተኛ ዲኤንኤስ አድርጌ አስገባሁ፣ መጀመሪያ ተሻለው ከዛ ባሰበት። ኢንተርኔት አቅራቢያችን መስመራችሁ ሰላም ነው አለን። ስራ አስኪያጃችን ወይ ትልቅ ራውተር እንግዛ ወይ ፍጥነቱን እናሳድግ እያሉ ነው። የቱ ይሻላል?»

ምላሽ፦

ሁለቱም አይሻልም። ራውተር ብትገዙ ያው ችግር በአዲስ ሳጥን ይመጣል፣ ፍጥነት ብታሳድጉም ብራውዘሩ የገጹን አድራሻ እስካላገኘ ድረስ ምንም አይለወጥም። መስመሩ ሰላም ነው የተባላችሁት እውነት ነው፣ ማስረጃውን ራስሽ ጽፈሽዋል፣ ቴሌግራም ይሰራል ብለሻል። ቴሌግራም የሰርቨሮቹ አይፒ ቁጥር (የኔትዎርክ አድራሻ) አፑ ውስጥ አብሮት ስላለ ማንንም ስም ሳይጠይቅ መገናኘት ይችላል፣ ብራውዘር ግን መጀመሪያ የገጹን ስም ወደ ቁጥር ማስቀየር አለበት፣ ይሄን ሚቀይረው ዲኤንኤስ ይባላል፣ ቁጥሩን ሚነግረው ካጣ እዛው ቆሞ ይቀራል። ቴሌግራም እየገባ ገጽ አልከፍት ካለ ብዙ ጊዜ መንገዱ ደህና ነው፣ የጠፋው መንገድ ጠቋሚው ነው። ዊንዶውስ ጥግ ላይ ሚያወጣው «ኢንተርኔት የለም» ሚለው ምልክትም አያታልልሽ፣ እሱም አለ ወይም የለም ሚለው አንድ የማይክሮሶፍት ስም ወደ ቁጥር ተቀየረልኝ ወይ፣ አንዲት ትንሽ ገጽስ ተከፈተችልኝ ወይ ብሎ አይቶ ነው፣ ስለዚህ ስም መጠየቂያው ከተበላሸ መስመሩ ደህና ሆኖም የለም ይልሻል።

አሁን 8.8.8.8 ላይ። እዚህ ላይ ሁለት ስህተት ተደራርቧል፣ አንቺ ብቻ ሳትሆኚ አይቲ ነኝ ሚለውም ብዙው ይሳሳታል። አንደኛው 8.8.8.8 ሁሉን ያውቃል ብሎ ማሰብ ነው። ቱሉ ዲምቱ አደባባይ ላይ የቆመ የባጃጅ ሾፌር አስቢ፣ ሰፈሩን እንደ እጁ መዳፍ ያውቀዋል፣ ግን እናንተ ግቢ ውስጥ ገንዘብ ያዧ የምትቀመጠው ስንተኛው ክፍል ነው ብትዪው አላውቅም ይልሻል፣ አልዋሸሽም፣ ያን ሚያውቀው የግቢው ዘበኛ ነው። 8.8.8.8 የጎግል ዲኤንኤስ ነው፣ ከ2009 በፈረንጅ አቆጣጠር ጀምሮ ለማንም ክፍት ነው፣ አሪፍ ነው፣ ግን ለምሳሌ «ሰርቨር1» ሚባል ኮምፒውተር እናንተ ቢሮ እንዳለ በምን ያውቃል? «እንዲህ ያለ ስም የለም» ብሎ ይመልሳል፣ ፒችትሪም ያንን ሰምቶ ይቆማል። ዶሜይን ውስጥ ያለ ኮምፒውተር ደግሞ ለፒችትሪ ብቻ ሳይሆን ለመግቢያውም፣ ለሼር ፎልደሩም፣ ለፖሊሲውም ሰርቨሩን ሚፈልገው በዲኤንኤስ ነው።

ሁለተኛው ስህተት «ሁለተኛ ዲኤንኤስ» ሚለው ቃል ላይ ነው። ሰው ሚመስለው የመጀመሪያው ካላወቀ ሁለተኛው ይጠየቃል ነው። አይደለም። የመጀመሪያው «የለም» ካለ የለም ራሱ መልስ ነው፣ ጥያቄው አበቃ፣ ሁለተኛው ዞር ተብሎም አይታይ። ሁለተኛው ሚጠየቀው የመጀመሪያው ዝም ሲል ብቻ ነው። ከዛ ዊንዶውስ አንዴ ሁለተኛው ከመለሰለት «ይሄኛው ይሻለኛል» ብሎ ለተወሰነ ደቂቃ እሱኑ ቀድሞ መጠየቁን ይቀጥላል። ስለዚህ ሰርቨርሽ ለ2 ሰከንድ ስራ በዝቶበት ዝም ቢል 15ቱ ኮምፒውተሮች ወደ ባጃጁ ሾፌር ዞረው እዛው ይቀሩልሻል ማለት ነው። መጀመሪያ ተሻለው ያልሽው ዌብሳይቱ ስለተከፈተ ነው፣ ባሰበት ያልሽው ደግሞ ፒችትሪው ስለጠፋ ነው። ያንኑ አንድ ነገር ነው በሁለት ፊቱ ያየሽው።

መብራት ሲመጣ ምን እንደሚሆን ልንገርሽ፣ ግምት ነው፣ ታረጋግጪዋለሽ፣ ግን በትልቁ እርግጠኛ ነኝ። ጀነሬተሩ ተነሳ ወይ መብራቱ መጣ እንበል። ስዊቹ (የኮምፒውተሮቹ ገመድ ሁሉ ሚሰካበት ሳጥን) ወዲያው ይነሳል። ራውተሩ ደቂቃ ሁለት ደቂቃ ይፈጅበታል። ሰርቨሩ ግን በመጀመሪያ አንድ ሰው ሄዶ በተኑን ሊጫንለት ነው፣ ከዛ ዲስኩን ይፈትሻል፣ አክቲቭ ዳይሬክቶሪውን (የዶሜይኑን መዝገብ) ያነሳል፣ ዲኤንኤሱ በመጨረሻ ይነሳል፣ አሮጌ ሰርቨር ከሆነ 10 ደቂቃም ሊወስድ ይችላል። በዚህ መሃል 38 ኮምፒውተር ነቅቶ «አድራሻ ሚሰጠኝ ማነው?» እያለ ይጮሃል። ዲኤችሲፒ ሚባለው አድራሻ ማደያ እንዲህ ነው፣ ኮምፒውተሩ ለሁሉም ይጮሃል፣ ቀድሞ የመለሰለትን ይይዛል። ሰርቨሩ ገና አልተነሳም፣ ራውተሩ ግን ከመስመሩ ጋር ሲመጣ ዲኤችሲፒው በርቶ ነው የመጣው፣ ማንም አላጠፋውም። ስለዚህ ራውተሩ «እንካ አድራሻ፣ ዲኤንኤስህም እኔ ነኝ» ይላል። ከዛ ሰዓት ጀምሮ ያ ኮምፒውተር ስለ ሰርቨር1 ሚጠይቀው ራውተሩን ነው፣ ራውተሩ ደግሞ ሰርቨር1ን አያውቅም። ዌብሳይት እምቢ ሚሉት ደግሞ የድሮውን አድራሻ ይዘው የተነሱት ናቸው፣ ዲኤንኤሳቸው ገና ያልተነሳው ሰርቨር ነው፣ ሚመልስላቸው የለም።

ዛሬ የታመመው ነገ ደህና ሚሆነውም ለዚህ ነው። የቆየ ሊዝ (ጊዜው ያላለቀ የተሰጠው አድራሻ) ያለው የድሮውን ይዞ ይቀጥላል፣ አዲስ ሚፈልገው በጩኸት ከሁለቱ የደረሰለትን ይይዛል፣ ሎተሪ ነው። ነገሩን ይበልጥ ሚያወሳስበው ደግሞ ዊንዶውስ ዲኤንኤስ ሲከዳው በገመዱ ላይ «ሰርቨር1 ማነው?» ብሎ ራሱ ሊጮህ መቻሉ ነው፣ ሰርቨሩ እዛው ኔትዎርክ ላይ ካለ አቤት ይለዋል፣ ፒችትሪም ይከፈታል፣ አንቺም ዳነ ብለሽ ትሄጃለሽ። አልዳነም። በአጭር ስሙ ተገኘ እንጂ በሙሉ ስሙ ብትጠይቂው ያው ነው።

ማረጋገጫው። ከታመሙት አንዱ ጋር ቁጭ በዪ፣ ሪስታርት እንዳታደርጊው፣ ሪስታርት ካደረግሽው ማስረጃው ይጠፋል። ሲኤምዲ (cmd) ሚባለውን ጥቁር መስኮት ክፈቺና አይፒኮንፊግ ስላሽ ኦል (ipconfig /all) ብለሽ ጻፊ። ብዙ ነገር ያወጣል፣ አንቺ ሶስት መስመር ብቻ ነው ምትፈልጊው፦ አይፒ አድራሻው፣ ዲኤችሲፒ ሰርቨር ሚለው፣ ዲኤንኤስ ሰርቨርስ ሚለው። በስልክሽ ፎቶ አንሺው። ከዛ ደህናው ኮምፒውተር ጋር ሄደሽ ያንኑ አድርገሽ አንሺና ሁለቱን ፎቶ ጎን ለጎን አወዳድሪ። ሰርቨርሽ ለምሳሌ 192.168.1.10፣ ራውተሩ 192.168.1.1 ነው እንበል። ደህናው ላይ ዲኤችሲፒ ሰርቨር 192.168.1.10 ብሎ የታመመው ላይ 192.168.1.1 ካለ በቃ፣ ሌባው ተይዟል። ቁጥሩ በ169.254 ሚጀምር ከሆነ ግን ዲኤንኤስ ላይ ጊዜሽን አታጥፊ፣ አድራሻ ሚሰጠው ጭራሽ አጥቶ ለራሱ የፈለሰፈው ቁጥር ነው፣ ገመዱንና ስዊቹን እዪ።

ሶስተኛ ቁጥር ካየሽ፣ ማለትም ሰርቨሩም ራውተሩም ያልሆነ፣ ቢሮ ውስጥ ማታውቂው እቃ አለ ማለት ነው። ሰበታ መንገድ ላይ አንድ ፋብሪካ ለዚሁ ችግር ተጠርቼ ሄጄ ነበር፣ የታመሙት ኮምፒውተሮች በሙሉ ዲኤችሲፒ ሰርቨራቸው 192.168.0.1 ይላል፣ የቢሮው ቁጥር ግን ሌላ ነው። ያንን ቁጥር ብራውዘር ላይ ብጽፈው የቤት ዋይፋይ ራውተር መግቢያ ገጽ መጣ። የማነው? ማንም አያውቅም። ወደዛ ቁጥር ፒንግ (አለህ ወይ ሚል ጥሪ) ሳላቋርጥ እየላክሁ ከስዊቹ ላይ ገመዶቹን አንድ በአንድ ነቀልኩ፣ 17ተኛው ላይ ፒንጉ ቆመ። ገመዱን ተከትለን ሄድን፣ ስቶር ገባ፣ እቃ ግምጃ ቤቱ ጠረጴዛ ስር፣ የጀበና ማሞቂያ ምድጃ ከተቀመጠበት ካርቶን ጀርባ፣ አቧራ የለበሰ ነጭ ራውተር አረንጓዴ መብራቱን እያበራ ተቀምጧል። ባለቤቱ ሰውዬ ምንም አልደበቀም፣ ዋይፋይ እዚህ አይደርስም ነበር፣ ከቤቴ አመጣሁት፣ ገመዱን ሰካሁት ሰራልኝ አለ። የሰካው ግን ሰማያዊው ቀዳዳ ላይ ሳይሆን ቢጫዎቹ ላይ ነው፣ ስለዚህ ለራሱ ብቻ ሳይሆን ለፋብሪካው ሁሉ አድራሻ ያድል ነበር። አንቺም ስቶሩን፣ የጥበቃ ቤቱን፣ የሽያጭ ክፍሉን ዞር ብለሽ እዪ።

ቀጥሎ ስም መጠየቁን ራሱን ፈትኚ። እዛው ጥቁር መስኮት ላይ ኤንኤስሉክአፕ (nslookup) ብለሽ የሰርቨሩን ስም፣ ከዛ ክፍት ቦታ ትተሽ 192.168.1.10 ጻፊ፣ ይሄ ማለት «ሌላውን ተዪና ሰርቨሩን ራሱን ጠይቂልኝ» ነው። ከመለሰ ሰርቨሩ ጤነኛ ነው፣ ችግሩ ኮምፒውተሩ ሌላ ሰው መጠየቁ ነው። ከዛ የአንድ ዌብሳይት ስም በዛው መንገድ ሰርቨሩን ጠይቂው፣ ቀጥሎ ያንኑ ስም 8.8.8.8ን ጠይቂው። 8.8.8.8 መልሶ ሰርቨሩ ካልመለሰ ሰርቨሩ ወደ ውጪ ሚጠይቅበት በር ተበላሽቷል። ሁለቱም ዝም ካሉ መስመሩ ወይ ፋየርዎሉ (አላፊውን ሚቆጣጠረው) የዲኤንኤስ ጥያቄ ሚያልፍበትን 53 ቁጥር ፖርት ዘግቷል። ዝምታና «የለም» ግን እንዳይምታቱብሽ፣ ዝምታ ማለት ጥያቄው አልደረሰም ወይ መልሱ አልተመለሰም ነው፣ የለም ማለት ደግሞ የማያውቀውን ሰው ነው የጠየቅሽው። ብዙ ሰው ሁለቱንም «ኔትዎርክ የለም» ብሎ ባንድ ከረጢት ይከታቸዋል።

ኤንኤስሉክአፕ ሁለት ወጥመድ አለው። መጀመሪያ መስመሩ ላይ «ሰርቨር፦ አንኖውን» ሚል ሲያወጣ ሰው ይደነግጣል፣ ምንም አይደለም፣ ቁጥሩን ወደ ስም ሚመልሰው መዝገብ (ዞን) ስላልተሰራ ነው፣ ከስር መልሱ ከመጣ በቃ ሰርቷል። ሁለተኛው፣ ይሄ መሳሪያ ኮምፒውተሩ ያስቀመጠውን የቆየ መልስም፣ ስምና ቁጥር በእጅ ሚጻፍበትን ሆስትስ ፋይሉንም አያይም፣ በቀጥታ ሄዶ ይጠይቃል። ስለዚህ ኤንኤስሉክአፕ ትክክለኛውን ቁጥር ሰጥቶ ፒንግ ሌላ ቁጥር ካሳየሽ ወይ የቆየ መልስ ተቀምጧል፣ አይፒኮንፊግ ስላሽ ፍላሽዲኤንኤስ (ipconfig /flushdns) ያጸዳዋል፣ ወይ ካንቺ በፊት የነበረ ሰው ሆስትስ ፋይሉ ላይ በእጁ ጽፎበት ሄዷል። ሆስትስ ፋይል ላይ መጻፍ ራሱ እንደ መፍትሄ ይመከርልሻል፣ 38 ኮምፒውተር ላይ ሰርቨር1 ይሄ ቁጥር ነው ብለሽ ጻፊ ይሉሻል፣ አትስሚ። ዲኤንኤስ በ1983 በፈረንጅ አቆጣጠር የተፈለሰፈው እኮ ስምና ቁጥር በአንድ ፋይል ተጽፎ ለየኮምፒውተሩ እየተባዛ መኖር ስላልቻለ ነው፣ አንቺ ወደዛ ልትመለሺ አይገባም፣ የሰርቨሩ ቁጥር አንድ ቀን ሲቀየር ማን የቱ ላይ እንደጻፈ አታስታውሺውም።

እሺ መፍትሄው። ቢሮ ውስጥ ያለ ኮምፒውተር ሁሉ ስም ሚጠይቀው ሰርቨሩን ብቻ ይሁን፣ ሰርቨሩ ብቻ ወደ ውጪ ይጠይቅ። ሌላ ምንም የለውም። አሰራሩ ግን ቅደም ተከተል አለው፣ ካዛባሽው መሃል ላይ ቢሮው ሙሉ ይቆምብሻል፣ ስለዚህ ቅዳሜ ከሰዓት አድርጊው።

መጀመሪያ ሰርቨሩ ላይ ዲኤችሲፒው እንዳለና እንደሚሰራ አረጋግጪ፣ ከሌለ ጫኚው። ሚያድለው ቁጥር ለምሳሌ ከ192.168.1.50 እስከ 192.168.1.200 ይሁን፣ ፕሪንተሮቹና የካሜራ መቅጃው በእጅ የተሰጣቸው ቁጥር እዚህ ውስጥ እንዳይገባ፣ ከገባ አንድ ቀን ፕሪንተሩ ይጠፋና ይሄም ዲኤንኤስ ነው ትያለሽ። ኦፕሽኖቹ ላይ 003 የራውተሩን ቁጥር ስጪ፣ 006 ዲኤንኤስ ነው፣ እዛ የሰርቨሩን ቁጥር ብቻ አስገቢ፣ ብቻ ያልኩት ብቻ ማለቴ ነው፣ «ለማንኛውም» ብለሽ 8.8.8.8 ከስሩ እንዳትጨምሪ። 015 ላይ የዶሜይኑን ስም። ከዛ የሰርቨሩ የራሱ ኔትዎርክ ካርድ ላይ ዲኤንኤሱ የራሱ ቁጥር ይሁን፣ ራውተሩም 8.8.8.8ም እዛ አይገቡም። ወደ ውጪ መጠየቂያው ሌላ ቦታ ነው ያለው፣ የዲኤንኤስ ማናጀሩን ከፍተሽ ሰርቨሩ ላይ ቀኝ ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ፎርዋርደርስ ሚለው ላይ። 8.8.8.8 እዚህ ነው ቦታው፣ ሌላውን ክፍት ዲኤንኤስ 1.1.1.1ንም የኢንተርኔት አቅራቢውንም መጨመር ትችያለሽ። ሰርቨሩ ማያውቀው ስም ሲመጣበት እሱ ራሱ ወጥቶ ይጠይቅላችኋል፣ መልሱንም ለጊዜው ያስቀምጠዋል፣ ስለዚህ 38 ሰው ያንኑ ገጽ ቢከፍት ወደ ውጪ ሚወጣው ጥያቄ አንዱ ነው። መስመሩ ቀርፋፋ በሆነበት ቦታ ይሄ ራሱ ትንሽ ያፈጥናል፣ ስራ አስኪያጅሽ የፈለጉት ፍጥነት በከፊል እዚህ ነው።

ከዛ ብቻ የራውተሩን ዲኤችሲፒ አጥፊ። ከማጥፋትሽ በፊት የራውተሩን ገጾች ሁሉ ፎቶ አንሺ፣ የአቅራቢው መግቢያ ስምና ፓስወርድ ያለበትን ገጽ እንዳትነኪ፣ ሪሴት ሚለውን ቀዳዳም ማንም በእስክሪብቶ ጫፍ እንዳይነካ። በመጨረሻ 8.8.8.8 ያስገባሽባቸው 15 ኮምፒውተሮች ጋር ዞረሽ ዲኤንኤሱን ወደ አውቶማቲክ መልሺ፣ እነዚህ በእጅ የተጻፉ ስለሆኑ ሰርቨሩ ምንም ቢያድል አይሰሙትም። ሌሎቹ ላይ አይፒኮንፊግ ስላሽ ሪሊስ (ipconfig /release) ከዛ ሪኒው (ipconfig /renew)፣ ወይ ሪስታርት።

መብራቱን በተመለከተ፣ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ ሚያቆየው) ለሰርቨሩ ብቻ ሳይሆን ለዋናው ስዊችና ለራውተሩም ግዙ፣ ለትልቁ ራውተር ሊወጣ የነበረው ብር እዚህ ይዋል። ጀነሬተሩ እስኪነሳ ያለውን ክፍተት ከተሻገራችሁ አብዛኛው ችግር ከመጀመሪያውም አይፈጠርም። የሰርቨሩ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት ሚገባበት ሴቲንግ) ውስጥ ደግሞ መብራት ሲመለስ ራሱ እንዲነሳ ሚያደርግ ምርጫ አለ፣ አብሪው፣ በተን ሚጫን ሰው እስኪመጣ መጠበቅ ይቀራል። እግረ መንገድሽን የሰርቨሩን ሰዓት እዪ። አሮጌ ሰርቨር ላይ ሰሌዳው ላይ ያለችው ክብ ባትሪ፣ ሲአር2032 ሚሏት፣ ስትሞት መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ በሰርቨሩና በኮምፒውተሩ መሃል ከ5 ደቂቃ በላይ ልዩነት ካለ ዶሜይኑ አያስገባም፣ ዌብሳይቶቹም ሰርተፍኬት ተሳስቷል ይላሉ፣ ይሄንንም ዲኤንኤስ ነው ብለው ሳምንት ሲለፉ ያየኋቸው አሉ። የባትሪዋ ዋጋ ከአንድ ምሳ አይበልጥም።

አሁን ገደቡን ልንገርሽ፣ ይሄ አሰራር ነጻ አይደለም። ሁሉም ሰርቨሩን ብቻ ከጠየቀ ሰርቨሩ ሲሞት ቢሮው ሁሉ ዌብሳይት መክፈት ያቆማል፣ መስመሩ ደህና ቢሆንም። ይሄን ፈርቶ ነው ሰው 8.8.8.8 ከስር ሚጨምረው፣ ገባኝ፣ ግን ትክክለኛው መልስ ሁለተኛ የራሳችሁ ሰርቨር ነው፣ ያንኑ ዶሜይን ሚያውቅ፣ ትልቅ ማሽን አያስፈልገውም፣ አሮጌ ግን ጤነኛ ኮምፒውተር ላይ ዊንዶውስ ሰርቨር ተጭኖ ሁለተኛ ዶሜይን ኮንትሮለር ቢደረግ ይበቃል፣ ያኔ 006 ላይ ሁለቱንም ታስገቢያለሽ። በጀት ከሌለ ሰርቨሩ ሞቶ እስኪነሳ ድረስ ቢሮው ያለ ዌብሳይት ይቆያል፣ ይሄን ለስራ አስኪያጅሽ አሁኑኑ ንገሪያቸው፣ ያን ቀን ሲደርስ አይንገሩሽ።

ዶሜይን የሌላችሁ ብትሆኑ መልሴ ሌላ ነበር፣ ራውተሩን ዲኤንኤስ አድርጎ የሰርቨሩን ስም እዛው መጻፍ ይቻላል፣ ማይክሮቲክ ሚባለው ራውተር ላይ ለምሳሌ ቀላል ነው። ማይክሮቲክ ካላችሁ ግን ለውጪ ጥያቄ መልስ ሚለውን ምርጫ አብርታችሁ 53 ፖርትን ከኢንተርኔቱ በኩል በፋየርዎል ካልዘጋችሁ ሌሎች ሰዎች ራውተራችሁን ለጥቃት መሳሪያ ያደርጉታል፣ መስመራችሁም ያለ ምክንያት ሲጨናነቅ ይውላል። እናንተ ዶሜይን ስላላችሁ በዚህ መንገድ አትሂጂ።

ጥቂት ነገር ላስጠንቅቅሽ፣ ሁሉን ሰርተሽ አልዳነም ምትዪኝ ከሆነ ከነዚህ አንዱ ነው። አይፒቪ6 ሚባል አዲሱ የአድራሻ አይነት አለ (እስካሁን ያየናቸው ቁጥሮች አይፒቪ4 ናቸው)፣ ራውተሩ የአይፒቪ4 ዲኤችሲፒው ቢጠፋም በአይፒቪ6 በኩል «ዲኤንኤስ እኔ ነኝ» ማለቱን ሊቀጥል ይችላል፣ አይፒኮንፊግ ላይ የዲኤንኤስ ዝርዝሩ አናት ላይ ኤፍኢ80 ብሎ ሚጀምር ረጅም ቁጥር ካየሽ እሱ ነው፣ ራውተሩ ላይ ያንን ማስታወቂያ አጥፊ፣ ኮምፒውተሮቹ ላይ ግን አይፒቪ6ን አትንቀዪ፣ ማይክሮሶፍት ራሱ አይመክርም። ብራውዘሮችም አሁን የራሳቸው ሚስጥራዊ ዲኤንኤስ አላቸው፣ ፋየርፎክስም ክሮምም ሴቲንግ ውስጥ «ሴኪዩር ዲኤንኤስ» ብለው ቢሮውን ዘለው ውጪ ሊጠይቁ ይችላሉ፣ የውስጥ ገጽ በአንዱ ብራውዘር ተከፍቶ በሌላው እምቢ ካለሽ እዛ እዪ። ሰርቨሩ ከመብራት በኋላ ሲነሳ አንዳንዴ የራሱን ኔትዎርክ ዶሜይን መሆኑን ስቶ «ፐብሊክ» ብሎ ይመድበዋል፣ ያኔ ፋየርዎሉ ፒችትሪን ሊዘጋ ይችላል፣ ስሙ ወደ ቁጥር ተቀይሮ ፕሮግራሙ ግን ካልተከፈተ ምልክቱ ይሄ ነው፣ የኔትዎርክ ካርዱን አጥፍቶ ማብራት ይመልሰዋል።

የራውተሩ ፓስወርድ አሁንም ከፋብሪካ እንደመጣ ከሆነ ደግሞ ዛሬውኑ ቀይሪው። ዲኤንኤስ ቼንጀር ሚባል ቫይረስ ነበር፣ የኮምፒውተሮችን ዲኤንኤስ፣ የአንዳንድ ራውተሮችንም ጭምር፣ ወደ ሌቦች ሰርቨር ይቀይር ነበር፣ ሌቦቹ በ2011 ሲያዙ ያን ሰርቨር እንዳለ መዝጋት አልተቻለም፣ ቢዘጋ በእሱ ሚጠይቁት ኮምፒውተሮች ሁሉ ስም ማግኘት ያቆሙ ነበር፣ ስለዚህ አሜሪካ ውስጥ በፍርድ ቤት ፈቃድ ንጹህ ሰርቨር ተተክቶ እስከ ሐምሌ 2012 በፈረንጅ አቆጣጠር ቆይቷል። የሂሳብ ክፍል ሰው ስለሆንሽ የባንክ ገጽ ስም ወደ ማን ቁጥር እንደሚሄድ ግድ ሊልሽ ይገባል፣ አይፒኮንፊግ ላይ የማታውቂው የውጪ ቁጥር ዲኤንኤስ ሆኖ ካየሽ ፒችትሪውን ትተሽ መጀመሪያ እሱን ተከታተዪ።

የሰራተኛውና የእንግዳው ስልክ የራውተሩ የእንግዳ ዋይፋይ ላይ ይሁን፣ እዛ ራውተሩ ለራሱ ያድል፣ 8.8.8.8ም ይስጥ፣ ስልክ ሰርቨር1ን አይፈልግም።

ሁሉን ከጨረስሽ በኋላ መብራቱ እስኪጠፋ አትጠብቂ። ፒችትሪው ሁሉም ጋር መዘጋቱን፣ ባካፕ መወሰዱን አረጋግጠሽ ሰርቨሩን በወጉ ዝጊውና ከቆጣሪው ስር ያለውን ብሬከር ራስሽ አውርጂው፣ ዩፒኤስ ላይ ያለ ሰርቨር መብራቱ ስለማይቋረጥበት ለሙከራው ነቅለሽ በቀጥታ ግድግዳው ላይ ሰኪው፣ 5 ደቂቃ ቆይተሽ ብሬከሩን መልሺው፣ ማንም ምንም ሳይነካ ሰርቨሩ ራሱ እስኪነሳ ጠብቂ። ከዛ ከየክፍሉ አንድ አንድ ኮምፒውተር ላይ አይፒኮንፊግ ስላሽ ኦል እዪ፣ ስቶሩን እንዳትረሺ። ዲኤችሲፒ ሰርቨርና ዲኤንኤስ ሚሉት መስመሮች ሁሉም ጋር የሰርቨሩን ቁጥር ካሳዩ ጨርሰሻል። አንዱ ጋር ሌላ ቁጥር ካየሽ ያንን ፎቶ ከደህናው ፎቶ ጋር አድርገሽ ላኪልኝ፣ ገመዱ የት እንደሚሄድም ጨምሪበት።